ለአባቴ ያስገጠምኩት ቴፕ

እናቴ ከሞተች በኋላ እኔና አባቴ ተኳርፈን ነበር፤ ማናችንም ግን ተኳርፈናል ብለን አናውቅም። እሱ አቦቦ ነው የሚኖረው፣ እኔ ጋምቤላ ከተማ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ሄጄ አመጣዋለሁ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አደርሰዋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እመልሰዋለሁ። ሰው ሲያየን "ልጅ ማለት እንዲህ ነው" ይላል። መኪና ውስጥ ግን እኔ መንገዱን፣ እሱ ጫካውን እያየን፣ አንድ ቃል ሳንለዋወጥ እንደርሳለን። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች ከአባቴ ጋር ከአቦቦ ጋምቤላ ተጉዘው አያውቁም።

የተኳረፍንበትን ልናገር። እናቴ የታመመች ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ስልክ ደወለ። "እናትህን ወባ ጣላት፤ ያስመልሳታል" አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ተማሪዎቼን የምፈትንበት ቀን ነበር። "አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰዳት፣ እኔን አትጠብቅ፤ እኔ ፈተና አለብኝ፣ ነገ እመጣለሁ" አልኩት። "እሺ ልጄ፣ እሺ" አለና ዘጋው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ስደርስ ደጃፉ ላይ ሴቶች መሬት ተቀምጠው አየሁ። እናቴ ጤና ጣቢያ ሳትሄድ ነው ያረፈችው።

ለምን እንዳልወሰዳት አልጠየቅኩትም። እሱም ለምን በዕለቱ እንዳልመጣሁ አልጠየቀኝም። እኔ በልቤ "ነግሬህ ነበር" እላለሁ፤ እሱ በልቡ ምን እንደሚል አላውቅም፣ ደግ ነገር እንደማይሆን ግን እገምታለሁ። ሁለታችንም ሆድ ይፍጀው ብለን ያዝነው። የተጣላ ሰው ሽማግሌ ይላክበታል፤ እኛ ግን ተጣላን ያለ ሰው ስላልነበረ የሚያስታርቀንም አልመጣም።

መኪናዬ አሮጌ ኮሮላ ናት። ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ቴፕ ካሴት ይበላል፤ ከአራቱ ስፒከሮች የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም እንደ ጉንፋናም ሰው ነው የሚያወራው። ኤሲ የላትም። መስኮት ካልተከፈተ በእኛ አገር ሙቀት ሰው ይቀቀላል፤ ከተከፈተ ደግሞ ያችኑ ድምፅ ነፋስ ይወስዳታል። ለዓመታት ግድ አልሰጠኝም ነበር። ዝምታው ሲከብደኝ ነው፣ እኛ ካልተናገርን ሌላ ይናገርልን ብዬ ቴፑን ለመቀየር የተነሳሁት።

የአስተማሪ ደሞዝ አዲስ ቴፕ ከነሙሉ ዕቃው አያስገዛም። ከተማችን ውስጥ የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር የሚሠራ የመኪና ኤሌክትሪሺያን አለ፤ ኑዌር ነው፣ ሙያውን ደቡብ ሱዳን ካሉ ዘመዶቹ ጋር ሆኖ ነው የተማረው። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ኮሮላዬ ውስጥ ሲገባ ጉልበቱን የት እንደሚያደርገው ይቸግረዋል። አማርኛውን ከገበያ የለቀመው ነው፤ ግን ከብዙ አማርኛ አዋቂ ይልቅ እውነት ይናገርበታል። ከተጋጨ ሚኒባስ የተፈታ፣ ፍላሽ የሚቀበል ቴፕ አገኘልኝ። "ቲቸር፣ ይሄ ሰከንድ ሃንድ ነው፤ ግን ስትሮንግ" አለኝ።

አባቴ ወጣት ሳለ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ገበሬ ነው። ልጅ ሆኜ ከጎረቤት ሬዲዮ ባቲ ወይም አምባሰል ከሰማ በሬዎቹን አቁሞ ሲያዳምጥ አይቼዋለሁ። ፍላሹን በአገሩ ዜማ ሞላሁት። የመጀመሪያው ቅዳሜ ከፈትኩለትና ግማሽ መንገድ ስንደርስ "እንዴት ነው አባዬ?" አልኩት።

"እሺ" አለኝ።

እንዴት ነው ለሚል ጥያቄ እሺ መልስ ነው? ደሜ ፈላ። መሪውን አንቄ እስከ ጋምቤላ አንድም ቃል ሳልጨምር ነዳሁ። በሚቀጥለው ጉዞ ግን አቦቦ ልንገባ ስንል፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ድምፁ ሩቅ ነው" አለ። ከቀብሩ በኋላ አባቴ በራሱ ፈቃድ የነገረኝ የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። ከደስታዬ የተነሳ ቦይ ውስጥ ልገባ ነበር። እናቴን ከሄደችበት አላመጣትም፤ ድምፅ ማቅረብ ግን እችላለሁ ብዬ አሰብኩ።

ስለዚህ ወደ ስፒከር ሄድን። ኤሌክትሪሺያኑ የበሮቹን ሽፋን ሲፈታ የድሮዎቹ ስፒከሮች ወረቀት በእርጥበት በስብሶ በጣት ሲነካ ይረግፋል። ሁለት ያገለገሉ፣ ሁለት ርካሽ አዲስ ገዛሁ። ጥሩዎቹን በአባቴ በኩል አድርግልኝ አልኩት። በሩ እንዳይንኳኳ ሆዱን በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅና በጎማ ቁራጭ ጠቀጠቀው፤ ውድ ስፒከር ከመግዛት ይሄ ይሻላል አለ፣ እውነቱንም ነበር። የገጠር መንገዱ ላይ እንኳ ድምፁ እንደ ውኃ ጠራ። ለራሴ ልገዛው የነበረውን ጫማ ለሌላ ጊዜ አልኩት። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ስታይ ቆይታ "ለሰውየው ቴፕ ከምትከፍትለት አፍህን ብትከፍትለት አይረክስም?" አለችኝ። ተነስቼ ወጣሁ።

አባቴ አሁንም "ሩቅ ነው" አለ። የቀረው ድምፅ የሚያጎላው አምፕሊፋየር ነበር። እሱንም ቆጥቤ ገዛሁና አንድ ቅዳሜ አባቴን ከአቦቦ እንዳመጣሁት ወደ ማንጎው ዛፍ ነዳሁ። አባቴ ከፊት ወንበር አልወረደም፤ በተከፈተው መስኮት አላፊ አግዳሚውን ያያል። ኤሌክትሪሺያኑ ገመዱን ከባትሪው አምጥቶ፣ አምፕሊፋየሩን ከወንበሩ ሥር አስሮ ሲጨርስ፣ ሳያስጠነቅቀን ድምፁን እስከ መጨረሻ ለቀቀው። እኔ ዘለልኩ። ከመንገዱ ማዶ ማንጎ የምትሸጠው ሴት ጆሮዋን ይዛ ተሳደበች። ከመኪናው ሥር የተኛ ውሻ ፈረጠጠ።

አባቴ ከጉልበቱ ላይ ዝንብ እሽ አለ። ሌላ ምንም አላደረገም።

ኤሌክትሪሺያኑ ቴፑን አጠፋና እኔን አየኝ። ዞሮ በአባቴ ግራ ጆሮ አጠገብ አጨበጨበ፤ አባቴ ዝም። በቀኝ በኩል መጥቶ አጨበጨበ፤ አባቴ ትንሽ ዞር አለ። "ቲቸር፣ ቴፕ ጤነኛ ነው" አለኝ ቀስ ብሎ። "ሽማግሌው ነው የማይሰማው። በዚህ በኩል ትንሽ አለ። በዚያ በኩል ፊኒሽ።"

እኔ እኮ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ድምፅ ከምንጩ ተነስቶ አየሩን አቋርጦ ጆሮ እንዴት እንደሚደርስ ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተምሬያለሁ። በአባቴ ግራ ጆሮ በኩል ተቀምጬ እየነዳሁ ወራት ሙሉ አኮረፈኝ እያልኩ ከረምኩ። ያን ጊዜ እናቴ ትዝ አለችኝ። ቤታቸው ስልክ ሲጮህ ሁልጊዜ የምታነሳው እሷ ነበረች፤ የምንላትን ሁሉ ጮክ ብላ ለአባቴ ትደግምለታለች። ወሬ መድገም ትወዳለች ብለን እንስቅባት ነበር። የታመመች ቀን ግን ተኝታ ነበርና ስልኩን የያዘው እሱ ራሱ ነው። ጤና ጣቢያ ውሰዳት ያልኩትን አልሰማም። ቂም የያዝኩት ባልሰማ ሰው ላይ ነበር። አንገቴን ደፍቼ የመኪናው በር ላይ ተደገፍኩ፤ ኤሌክትሪሺያኑ ዕቃውን ይሰበስብ መስሎ ራቅ አለልኝ።

ሰኞ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ብዙ የቆየ ነው፣ እዚህ የምናደርግለት የለም አሉን። ከሰዓት በኋላ ወደ አቦቦ ስመልሰው ቴፑን አልከፈትኩም።

"አወቅክብኝ" አለ አባቴ፣ መንገዱን እያየ። "እናትህ ነበረች የምትሰማልኝ። ሰው እንዳይንቀኝ ብላ ደበቀችልኝ።"

ጥቂት እንደሄድን ድንገት ደግሞ "አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለ። "እናትህ የታመመች ቀን በስልክ ነገ እመጣለሁ ስትል ሰምቻለሁ። ከሱ በፊት ግን ብዙ አወራህ። እሺ እሺ አልኩህ እንጂ አልሰማሁህም። ምን ነበር ያልከኝ? ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።"

መኪናውን ዳር አስያዝኩ። ካለሁበት ብመልስለት አይሰማኝም፤ ወርጄ በፊት በኩል ዞሬ በቀኝ መስኮቱ መቆም ነበረብኝ። ይህን ጥያቄ ወራት ሙሉ ስጠብቀው ነበር። መልሱም ምላሴ ላይ ነበር፦ ውሰዳት ብዬህ ነበር፣ አትጠብቀኝ ብዬህ ነበር። እውነትም ነው። መስኮቱ ጋ ስደርስ አባቴ በሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ውጤት እንደሚነገረው ተማሪ ቀና ብሎ ያየኛል። እንጨት የተሸከሙ ሁለት ሴቶች መንገዱን ሊያልፉ ነበር፤ አፌን ወደ ጆሮው አስጠግቼ ስጮህ ቆመው አዩን።

"ስለ ፈተናው ነበር የማወራው!" አልኩት። "እስክመጣ ጠብቁኝ ነው ያልኩህ!"

አባቴ ፊቴን አየ። ትከሻው ወረደ። በሩን ለቀቀው።

"ጠበቅንህ እኮ ልጄ" አለ። "እሷ እስከ መጨረሻው በሩን እያየች ነው የጠበቀችህ።"

እንባው ሲወርድ አየሁ፤ በቀብሩ ቀን እንኳ አላለቀሰም ነበር። "ይቅር በለኝ አባዬ" አልኩት፣ ጮኼ። እጁን ከቀኝ ጆሮው ኋላ አድርጎ ሁለቴ አስደገመኝ።