የዘረርኩት እኔ ነኝ

ታናሽ ወንድሜን፣ ሰው ሁሉ በስክሪን ሳያየው በፊት፣ የዘረርኩት እኔ ነኝ። ይህን ያልሰማ የወረታ ሰው ካለ ገና አሁን ከአውቶቡስ የወረደ መሆን አለበት። ሠርግ ቤት ነግሬያለሁ፣ ለቅሶ ቤት ነግሬያለሁ፣ ሚስቴ «አንተ ሰውየ፣ ሌላ ወሬ የለህም?» እስክትለኝ ድረስ ነግሬያለሁ። የለኝም።

ያኔ ሁለታችንም ጢም አላበቀልንም ነበር። ጥምቀት ነው፤ ታቦቱ ከገባ በኋላ ሩዝ የታጨደበት ማሳ ላይ ጎረምሳው ትግል ገጠመ። የእኛ አገር ትግል ሕጉ አጭር ነው፤ ጀርባው መሬት የነካ ወደቀ፣ አለቀ፣ ተነሥቶ ልብሱን ያራግፋል። ወንድሜ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ሲያነጥፍ ቆይቶ እኔ ገባሁ። ቀኝ እግሩን ጠልፌ ሳዞረው በጀርባው ዘጭ አለ። አባየ ጋቢውን ወደ ትከሻው እየመለሰ «የኔ አንበሳ!» አለኝ። ከዚያ በፊት እንዲያ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ በኋላም ስጠብቅ ኖርኩ።

ወንድሜ አዲስ አበባ ሄደ፣ አንድ ጂም ውስጥ ወለል እየጠረገ ትግልና ቡጢ ተማረ፣ ከዚያ በጥበቃ ሥራ ዱባይ ገባና እዚያው ተፋላሚ ሆኖ ቀረ። ድብልቅ ማርሻል አርት ይሉታል። በሽቦ የታጠረ መድረክ ውስጥ ሁለት ሰው ይገባል፤ በቡጢ፣ በርግጫ፣ በትግል፣ በቻለው ሁሉ ይፋለማል። ስሰማ ሳቅኩ። ሰው አጥር ውስጥ ገብቶ መደባደብ እንዴት ሥራ ይሆናል? እኔ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ጆንያ ስሸከም፣ የገለባ ብናኝ ስተነፍስ እውላለሁ፤ ማታ ስገባ የሚያጨበጭብልኝ የለም።

የመጀመሪያውን ፍልሚያ ተሸነፈ። እሰይ አልኩ፤ ምን እደብቃለሁ! ግን መሸነፉም ለኔ አልሆነኝም። ቅንድቡ ተሰንጥቆ የተነሣው ፎቶ ስልክ ለስልክ ሲዞር ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ጎረፈ። እማየ ጣራ ገዳም ድረስ ሄዳ ተሳለች። ቄሱ እንኳ መጥተው «አይዟችሁ፣ ልጁ በሕይወት አለ» ብለው አጽናኑን። ሲመጣ ወንዛዬ ወስደን ፍል ውኃ እናስገባዋለን ተባለ። እኔ ኩንታል ወድቆብኝ እግሬ እንደ ቅል ሲያብጥ ወንዛዬ ግባ ያለኝ ሰው ነበር? በእግዜር! አንጀቴ ቅጥል አለ።

ቀጥሎ ማሸነፍ ጀመረ፤ እሱ ደግሞ የባሰ ነው። አንዱን ፍልሚያ ምግብ ቤት ተሰብስበን በትልቁ ቴሌቪዥን አየን። አባየ ከፊት ወንበር ተሰጥቶት ተቀምጧል። ገና ከመጀመሩ ተጋጣሚው፣ አንድ ጠብደል ፈረንጅ፣ ወንድሜን አንሥቶ በጀርባው አነጠፈውና ላዩ ላይ ወደቀበት። ቤቱ በሙሉ «ውይ!» አለ። አባየ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። በቃ፣ ጀርባው መሬት ነክቷል! እኔ «አላልኳችሁም!» ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። አስተናጋጁም ሪሞቱን አንሥቶ ሊያጠፋው ነበር። ወንድሜ ግን ከሥር ሆኖ በእግሮቹ የፈረንጁን ወገብ ጠመጠመ፣ አንገቱን ብብቱ ሥር አስገብቶ ቆለፈ። ፈረንጁ በመዳፉ የወንድሜን ጎን ቸብ ቸብ አደረገ። ዳኛው አላቀቃቸው፣ የወንድሜም እጅ ወደ ላይ ተነሣ።

ማንም አልገባውም። «ከወደቀ በኋላ እንዴት?» ይላል አንዱ። አባየ ነው የፈረደው፤ «ፈረንጁ አዘነለት። አላየህም አይዞህ ብሎ ቸብ ቸብ ሲያደርገው?» አለ። ሁሉም ተስማማ፣ ፈረንጁም ተመረቀ።

እኔ ግን ቤት ገብቼ በስልኬ መረመርኩ። ለማንም አልተናገርኩም እንጅ የወንድሜን ፍልሚያ አንድም ሳላስቀር ነው የማየው። ቸብ ቸብ ማለት ተሸንፌያለሁ፣ ልቀቀኝ ማለት ነው። እዚያ አገር ጀርባ መሬት ቢነካ ምንም አይደለም። ስልኬን አጥፍቼ ትራሴ ሥር ከተትኩት። የኔ ዝረራ እነሱ ዘንድ ዝረራ አይደለማ!

ዘንድሮ ለጥምቀት መጣ። ጆሮው ተጨማዷል፣ አፍንጫው ዞሯል፣ ሴቱ ግን አሁንም እሱን ያያል። ከታቦቱ በኋላ እዚያው ማሳ ላይ ሰው ከበበን። «ዘርሬዋለሁ ይል የለ፣ እስቲ ይድገመው!» ይሉ ጀመር። ወንድሜ ሣቀና «አያ ዛሬም ይጥለኛል» አለ። ይህቺ ትሕትናው ናት እኔን የምትገድለኝ! አባየም በትሩን ተደግፎ ቆሟል። ጋቢየን ለሚስቴ ሰጥቼ ገባሁ።

ያችኑ ጠለፋ ሞከርኩ። ያዘችልኝ! ወንድሜ በጀርባው ዘጭ አለ፣ እኔም ላዩ ላይ ወደቅኩ፣ እልልታው ቀለጠ። ደስታዬን ሳልጨርስ ግን እግሮቹ ወገቤን ጠመጠሙኝ፣ ክንዱ ጉሮሮዬ ሥር ገባ። ጉልበት የሰጠ እንኳ አይመስልም። ትንፋሼ ተቆረጠ፣ የሰዉ ድምፅ ራቀኝ። ጆሮዬ ሥር ቀስ ብሎ «አያ፣ እኛ ዘንድ እዚህ ላይ ነው የሚጀመረው» አለኝ።

እጄ ራሷ ሄዳ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገችው።

ወዲያው ለቀቀኝ። ሳልኩ፤ ገለባ ያነቀኝ መሰላቸው። «አይ የእናት ልጅ! ጥሎት እንኳ አይዞህ ይለዋል!» እያሉ ትከሻቸው ላይ አወጡኝ። ወንድሜ ተነሥቶ፣ በአገራችን ሕግ መሠረት፣ ልብሱን አራገፈና «ወድቄያለሁ» አለ። አባየ ሰው እየገፋ መጣ። እንባው በጉንጩ ይወርዳል። «የኔ አንበሳ!» አለኝ። ስንት ዘመን የጠበቅኳት ቃል! አመሰግናለሁ ልል አፌን ብከፍት ድምፅ አልወጣልኝም፤ ጉሮሮዬ ተዘግቷል።

ከዚያ ወዲህ ስለ ፊተኛውም ስለ ኋለኛውም ትግል ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሲጠይቁኝ ሥራ አለብኝ ብዬ ወደ መፈልፈያ ቤቱ እገባለሁ። ወንድሜ ግን ተመልሶ ሄዶ፣ ማይክ በደቀኑለት ቁጥር፣ «እኔን ሁለት ጊዜ የዘረረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው» ይላል አሉ። ሰዉም ትሕትናውን አይቶ ይበልጥ ወደደው። ያለችኝ አንዲት ወሬ ነበረች፤ እሷንም ወሰዳት።