ነገሩ ይርጋ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ሳሪስ አቦ እየሄድኩ ስንቱን ጥቃቅን ኃጢአት ስናዘዝ፣ ይቺን ግን ዋጥ አድርጌ እመለሳለሁ። ዛሬ ለአንተ ልናገር። አታውቀኝም፣ አላውቅህም፣ ይሻላል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ ነኝ። ያደግኩት አቃቂ ነው። የምቆመው ለፋብሪካ ባለቤቶች፣ የምረታቸው ደግሞ የእናቴን ጎረቤቶች።

እትዬ ዘሃራ ግድግዳ የሚጋሩን ጎረቤታችን ነበሩ። ከወሎ መጥተው ዕድሜያቸውን አንድ ክር ፋብሪካ ውስጥ የጨረሱ ሴት። እናቴ ታማ በተኛች ጊዜ ያበሉኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን አለቃቸው አንዲት ልጅ ሲሰድብ "ተው" አሉት፤ በዚያው ተባረሩ። ፋብሪካው ጉዳዩን ለእኔ ሰጠኝ። ገና ሳየው ገባኝ፤ ከከሰሱ ሥራቸው ላይ ይመለሳሉ።

ታዲያ ምን አደረግኩ? እንዳይከሱ አደረግኩ። የተባረረ ሰው "ወደ ሥራዬ ልመለስ" ብሎ መክሰስ የሚችለው በሦስት ወር ውስጥ ነው። ያ ካለፈ ሕጉ "ይርጋ" ይለዋል፤ መብትህ ቀረ ማለት ነው። እኔ ይህን አውቃለሁ፣ እሳቸው አያውቁም። ስለዚህ የገዛ አባቴን ሽማግሌ አድርጌ ላክሁባቸው። አባቴ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቀ፣ ሰፈሩ የሚያከብረው። "ሥራ አስኪያጁን እያለሳለስኩት ነው። ነገሩ ይርጋ፣ ክስ እንዳያነሱ በላቸው" አልኩት። አመነኝ። እሳቸውም እሱን አመኑ።

ሰው "ክሰሺ እንጂ" ሲላቸው፣ "ሽማግሌ ረግጬ? ደግሞ ልጁ የኔው ልጅ ነው፣ አብሽሩ" ይሉ ነበር አሉ። እኔ በዚህች ጨዋነታቸው ነው የገባሁባቸው። መንገድ ላይ አግኝተውኝ "እንዴት ሆነልን የኔ አባት?" ሲሉኝ፣ "ይርጋ እትዬ፣ ትንሽ ይርጋ" እላለሁ። በየትኛው አፌ?

ሦስት ወሩ አለፈ። ፋብሪካው "አንመልስም" አለ፣ እትዬ ዘሃራም ከሰሱ። ችሎት ፊት ቆሜ "ክሱ በይርጋ ታግዷል" አልኩ። ዳኛው ተቀበሉኝ። እትዬ ዘሃራ ያችን ቃል ሲሰሙ ዞር ብለው አዩኝ። አልተሳደቡም፣ አላለቀሱም። በኋላ እዚያው ፋብሪካ በር ላይ ሳምቡሳ ሲሸጡ አይቼ መኪናዬን አዙሬያለሁ።

አባቴ የሆነውን ሲሰማ "ይርጋ ማለት ምንድን ነው?" አለኝ።

"ጊዜው አልፏል ማለት ነው።"

"ማን አሳለፈባት?"

ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ሽማግሌ ሆኖ አልተቀመጠም። ሲለምኑት "እኔ ሰው አሳስቻለሁ" ይላል። ያሳሳትኩት እኔ፣ ያፈረው እሱ።

ጠበቃ ለደንበኛው ይሟገታል ልበል? ገና ጀማሪ ነበርኩ ልበል? አልልም። አውቄ ነው ያደረግኩት።

ዘንድሮ እትዬ ዘሃራ ቱሉ ዲምቱ ልጃቸው ጋ መሆናቸውን ሰምቼ ሄድኩ። "አፉ በሉኝ" ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ክንዴን ይዘው አነሱኝ፣ ሻይም ቀዱልኝ።

"እንዲህ ያለው ነገር ብቻ ለብቻ አያልቅም ልጄ" አሉኝ። "በወጉ ሽማግሌ ላክብኝ።"

ማንን ልላክ? አባቴ በሕይወት ቢኖር እንኳ፣ ለእኔ ብሎ ደጃፋቸውን የሚረግጥ ይመስልሃል? እኔስ አይመስለኝም።