ባሕር የለያቸው ሁለት መቃብሮች

ሙህሲን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በኢስታንቡል የማመላለሻ መርከብ ላይ ገመድ ወርዋሪ ነበር። ከአውሮፓው ዳር ተነሥቶ እስያ፣ ኡስኩዳር ወደብ ላይ መርከቡን ያስራል፤ አፍታም ሳይቆይ ፈትቶ ይመለሳል። ሁለት አህጉር ብሎ የሚደነቅ ቱሪስት ሲያይ ይስቅ ነበር። ለሱ ያው ሥራ ነው።

ሚስቱን ቬጂሄንም ያገኛት እዚያው ኡስኩዳር ነው። ገና ወጉን ሳይጀምር መርከቡ ይጮኻል። «አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው ረግተህ የምትቀመጠው?» ትለው ነበር። አገባትና በአውሮፓ በኩል፣ የአባቶቹ ሰፈር ኤዩፕ አስገባት።

መቼም ኤዩፕ የነቢዩ ባልደረባ ያረፉበት ስለሆነ እዚያ መቀበር ትልቅ ክብር ነው። ሙህሲን ደግሞ ከአባቱ ጎን ሁለት የመቃብር ቦታ ነበረው። ቬጂሄ ግን አሻፈረኝ አለች።

«እኔ እናቴ ጋ ነው የምቀበረው። የኡስኩዳርን መሬት ከመካ ባሕር አይለየውም። ድሮ የሱልጣኑ ስጦታ ወደ መካ የሚነሣው ከኛ ሰፈር አልነበር?»

«ድልድይ ተሠርቶ የለ እንዴ፣ ምን ቸገረሽ?»

«አንተ ሂድበት።»

ስትሞት እንዳለችው አደረገላት። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ እየተሻገረ፣ እንደ አገሩ ልማድ መቃብሯ ላይ ውሃ ያፈስ ነበር። ዘንድሮ ግን ልቡ ደከመና ሐኪሙ ከቤት እንዳይወጣ ከለከለው። በሱ ፈንታ ልጁ ኔርሚን ትሻገር ጀመር።

አንድ ቀን ኔርሚን እየፈራች የቀብሩን ነገር አነሣችበት። «አባዬ፣ ክፉውን ያርቅልን እንጂ… ያንተ ኤዩፕ ነው አይደል? የአጎትህ ልጅ ትርፉን ቦታ ስጡኝ እያለ ነው።»

ሙህሲን ሦስት ቀን ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። አባቱን ትቶ መሄድ ከበደው። አባትየው ያንን ቦታ ያቆዩት ለሱ ብለው ነበር። ዓርብ ጠዋት የመርከቡን ጩኸት ሲሰማ ልጁን ጠራት።

«ሁለቱንም ቦታ ስጪው።»

«አያቴስ? ቅር አይላቸውም?»

«ቅር ይላቸዋል። እኔንም ቅር ብሎኛል።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ግን ኡስኩዳር ደርሼ ሳልመለስ የቀረሁበት ቀን የለም። ዛሬ ስትሄጂ ለናትሽ ንገሪያት። አሁን ስመጣ ረግቼ እቀመጣለሁ በያት።»

ኔርሚን ጠርሙሱን ውሃ ሞልታ ብቻዋን ተሻገረች።