አንድ የሚያስተርፍ ቁጥር

ጣልያን ከመቐለ በወጣ በዓመቱ፣ አንድ የከተማው ልጅ፣ ጨው ነጋዴ፣ እኅቴን ለትዳር ጠየቃት። እኅቴም ወዳዋለች። እናታችን ግን ከወሎ ይዛን የመጣች ሴት ናት፤ ስማቸው ሳይቆጠር ልጅ አልድርም ብላ መሪጌታ አስጠራች።

መሪጌታው የሁለቱን ስም ከየእናታቸው ስም ጋር ፊደል በፊደል ቆጥረው ደመሩ። ሀ አንድ፣ ለ ሁለት፣ ሐ ሦስት እያለ የሚሄድ፣ ኋላ በዐሥርና በመቶ የሚዘል ቆጠራ ነው። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ አንድ መጣ። ከዚያ በዘጠኝ ገደፉት፤ ዘጠኝ ዘጠኙን እያነሡ ጣሉት ማለት ነው። አንድ ቀረ።

«ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ይቀራል» አሉ መሪጌታው።

«እስቲ በሌላ ይሞክሩት» አለች እናቴ።

በሰባት ገደፉ፤ አንድ። በዐሥራ ሁለት ገደፉ፤ አንድ። መሪጌታው ቀለማቸውን ከደኑ።

«በቃ፣ ሠርግ የለም!» አለች እናቴ።

አላመንኩም። ያን ያህል ሽምብራ ቆጥሬ ግቢው ውስጥ በሰፌድ ላይ አፈሰስኩና ሁለት ሁለት እያደረግሁ አነሣሁ። አንዲት ቀረች። ሦስት ሦስት፣ አራት አራት፣ እያልኩ እስከ ዐሥር ሄድኩ። ሁልጊዜ አንዲት ሽምብራ ሰፌዱ መሐል ትቀራለች። ሁሌም ያችው አንዲት አፏ የተሰነጠቀ ሽምብራ ትመስለኝ ጀመር። አንሥቼ ለዶሮ ጣልኩላት። የቀሩት በሁሉም ቁጥር እኩል ተካፈሉ፤ ምንም አልተረፈም። ይኼ ከፊተኛው ይልቅ አስፈራኝ። ለሁሉም ቦታ ነበረ፤ ለእሷ ብቻ አልነበረም።

እኅቴ ከበሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ኣንታ፣ ግደፍ!» አለችኝ በትግርኛ፤ ተው ማለቷ ነው።

«በስንት ልግደፍ?»

ልትስቅ ጀምራ አለቀሰች።

ያን ጊዜ ጨው ነጋዴው ልጅ ከአጥር ውጭ ሆኖ ስሟን ጠራ። ቀኑን ሙሉ ለግጥም ቤት መምቻ ድምፅ ስፈልግ የምውል ሰው፣ በቤታችን ያን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። የስሟን መጀመሪያ ከጉሮሮው አወጣው፤ ሐመሩ ሐ ነው። እናቴ ግን ሀውንም ሐውንም አንድ አድርጋ ነው የምትጠራው። መሪጌታውም ከእሷ አፍ እንደ ሰሙት፣ በሀሌታው ሀ ጽፈውታል።

እየሮጥኩ ሄጄ ለመሪጌታው ነገርኳቸው።

«ክርስትና ስትነሣ በሐመሩ ነው የተጻፈችው?» አሉኝ።

«አዎ፣ መሪጌታ።»

«እንግዲያስ ሁለት ይጨመራል፣ ወደይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

በዘጠኝም፣ በሰባትም፣ በዐሥራ ሁለትም ገደፉ። ሦስት ቀረ።

«ባል፣ ሚስት፣ ልጅ!» ብለው ፈገግ አሉ። እናቴም ኋላ ስትሰማ እሺ አለች።

ልወጣ ስል፣ «የፊተኛው ቁጥርስ የማን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እናትህ የምትጠራት የሌላዋ ልጅ ነዋ» አሉኝ። አልሳቁም።

እኅቴ ተዳረች፤ ወንድ ልጅም ወለደች። ልትጠይቀን በመጣች ቁጥር እናቴ አሁንም በዚያው በሀሌታው ሀ ትጠራታለች። እኅቴ «አቤት» ብላ ከጓዳ ትወጣለች። እኔ ግን ሌላም የሰማች ልጅ ትኖር እንደሆነ ብዬ ወደ ግቢው በር አያለሁ።