ያልተወሰዱ ፎቶዎች

ሰፈርተኛው «እትዬ ፎቶ» ይላታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል ፎቶ ስታነሳ፣ ስታሳድግና ስታትም ኖራለች። ሙሽራውም ተመራቂውም ደንበኛዋ ነው፤ ዘመድ የሞተበት ግን ይበዛል። ከመታወቂያ ላይ የተላጠች ጉርድ ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ እሷ የሟቹን ኮሌታ አስተካክላ፣ የማኅተሙን ቀለም ከግንባሩ ላይ አጥፍታ፣ አሳምራ ታስረክበዋለች።

ኮምፒውተሯ አርጅቷል። ጠዋት አብርታው ክፍሉን ጠርጋ ስትጨርስም ገና ያቃስታል። በዚያ ሰሞን ደግሞ ከሆዱ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ጀመረው። የጠራችው ኮምፒውተር ጠጋኝ ሳጥኑን ከፍቶ ጆሮውን ደገነ።

«ፎቶዎቹ ያሉበት ሃርድ ዲስክ አልቆለታል፣ እትዬ። በምትኩ ኤስኤስዲ የሚሉትን አዲስ ዲስክ እናስገባለት።» ከመዳፍ የማትሰፋ ስስ ነገር አሳያት። «ውስጧ የሚሽከረከር ነገር የለም፤ ድምፅም የላትም። ይሄው ሽማግሌ ኮምፒውተርዎ እንደ ወጣት ይሮጥልዎታል።»

«ድምፅ ከሌላት መሥራቷን በምን አውቃለሁ?»

ሳቀና አዲሷን ገጠመ፤ ፕሮግራሙን ጭኖባት አሮጌውን ዲስክ ጎኗ አገናኘው።

«ችግሩ፣ ይቺ ከአሮጌው ታንሳለች፤ ሁሉም አይገባም። የሚያድኑትን ይምረጡ።»

የፎልደሮቹን ስም እያነበበች ትመርጥ ጀመር። ሙሽሮቹን ተወቻቸው፤ በሕይወት ያለ ሰው እንደገና ይነሳል። የሟቾቹን ስም ስታነብ ግን ፊታቸው ተራ በተራ ይመጣባታል። «ያልተወሰዱ» የሚለው ላይ ስትደርስ እጇ ቀጥ አለ።

ታላቅ ወንድሟ እዚያ ውስጥ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ሱቋ በሰርገኛ ተጨናንቆ ሳለ መጣና «አንሺኝማ፣ ትልቅ አድርገሽ አውጪልኝ» አላት። ቶሎ አነሳችውና «ሌላ ቀን ትወስዳለህ፣ ወንድም ጋሼ፤ አሁን ፋታ የለኝም» ብላ ሸኘችው። በማግስቱ በመኪናው ጭነት ይዞ ከከተማ ወጣ። መኪናው መንገድ ዳር ቆሞ ተገኘ፤ እሱ ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። አስከሬን የለ፣ ወሬ የለ፤ ቤተሰቡም እርሙን አላወጣም። ፎቶውን ብታትመው በገዛ እጇ ከሟቾቹ ጋር የምትደባልቀው እየመሰላት ሳትነካው ኖረች።

ጠጋኙ ፎቶዎቹን ወደ አዲሷ መገልበጥ ሲጀምር አሮጌው ዲስክ ተንቋቋና የወንድሟ ፎቶ ላይ ቆመ።

«እዚህች ፎቶ ላይ ተጣብቋል። ግድ ካልኩት ሌሎቹንም ይዟቸው ይሄዳል።»

«ስንት ሰው ይቀራል?»

«ወደ ሁለት መቶ።»

ዓይኗን ጨፈነች። «የሰው አደራ ይቅደም። እሱን መጨረሻ ላይ።»

ሁለት መቶዎቹ ተሻገሩ። የወንድሟ ተራ ሲደርስ ዲስኩ ሦስቴ ተንቀጠቀጠና ጭጭ አለ። ወዲያው፣ ልቧን ለማዘጋጀት እንኳ ፋታ ሳታገኝ፣ ፎቶው ፊቷ ተደቀነ። ግንባሩና ዓይኖቹ ጥርት ብለው አሉ፤ ከአፍንጫው በታች ግራጫ ብቻ።

«አፉስ?» አለች በሹክሹክታ።

«አልተነበበም፣ እትዬ።»

ከዚያ ወዲህ ጸጥ ባለው ክፍል ውስጥ ብቻዋን መቀመጥ አቃታት። አንድ ነገር ሊናገር የጀመረ ሰው ከጀርባዋ የቆመ ይመስላታል፤ ዞር ስትል ማንም የለም። በሦስተኛው ቀን ፎቶውን አትማ ወደ ወንድሟ ሚስት ቤት ሄደች።

ሴትዮዋ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ተቀበለቻት። ግራጫውን በመዳፏ ሸፍና ብዙ አየችው።

«እየሳቀ ነው የተነሳው፤ ዓይኑ ያስታውቃል» አለች። «ሳቂታ ነበር።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ስለ እሱ «ነበር» ያለ ሰው የለም። ሁለቱም ደንግጠው ተያዩ። ከዚያ የወንድሟ ሚስት ፎቶውን እንዳቀፈች ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች፤ እትዬ ፎቶም አጠገቧ ተቀመጠች፤ ጎረቤት ምን መጣ ብሎ በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ።