እጥፍ የተቀደደው ከፋይ

መካነ ሰላም ውስጥ «አራጌ ቀዳጁ» ሲባል ሁለት ነገር ይገባናል። አራጌ ልብስ ሰፊ ነውና ጨርቅ ይቀድዳል፤ ይህ አንዱ ነው። ወሬም ይቀድዳል፤ ይህ ሁለተኛው ነው። በሁለቱም ልክ አያውቅም የሚሉ ነበሩ፤ እነሱ ግን ሱሪያቸውን ሌላ ዘንድ ያሰፉ ሰዎች ናቸው።

የተወለደው በከላላ ወረዳ ገጠር ነው። ለእርሻ እንደማይሆን አባቱ ሲያዩ ደሴ ወስደው ለአንድ ልብስ ሰፊ አስረከቡት። ሙያውን ለምዶ ሲመለስ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና በበቅሎ አስጭኖ መጣ። በቅሎዋ መንገድ ላይ አቀስታ ብርድ ውስጥ አንዴ ተኛች ብሎ ነበር መጀመሪያ ያወራው፤ ወሬው እኛ ዘንድ ሲደርስ አራት ጊዜ ተኝታለች፣ አንዴም ሞታ ተነስታለች። ማተቡ ከአንገቱ አይለይም፤ ሲምል ግን «ወላሂ» ነው። ወሎ ነዋ። መንገድ ዳር በረንዳ ተከራይቶ የገበሬ ቁምጣ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ለሽማግሌም ከጉልበት በታች የሚጠብ ተፈሪ ሱሪ ሲሰፋ ኖረ። ብዙዬን አገባ፤ ልጆች ወለዱ።

በ1965 ክረምቱ ከዳ። በተከታዩ ዓመት ከቆላ የወጣው ሰው ከተማችንን እያቋረጠ ወደ ደሴ ይጎርፍ ጀመር፤ መንገድ ላይ የቀረውም ብዙ ነው። ራዲዮኑ ሌላ ሌላ ነገር ያወራል። አራጌ መጀመሪያ ላይ፣ ሰው ሲከሳ ልብሱን ሊያስጠብብ ይመጣል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። የከሳ ሰው ልብሱን አያስጠብብም፤ በገመድ ይታጠቃል። ከዚያም ይሸጠዋል። ገበያው ላይ የአራጌ እጅ ሥራ እንደዚያን ዘመን በዝቶ ታይቶ አያውቅም።

ያን ሰሞን ከደሴ እየመጣ የተራበ ሰው ዕቃ የሚገዛ አንድ ነጋዴ ነበር። በርም ይገዛል፣ አልጋም ይገዛል። ስሙን የሚያውቅ አልነበረም፤ ዋጋ ዝቅ ባደረገ ቁጥር «አብሽር!» ስለሚል አብሽር እንለው ነበር። አብሽር የአራጌን መኪና ካያት ጀምሮ ዓይኑ አላረፈም። የአራጌ ቤት ደግሞ ከእህል ከተለያየ ሰንብቷል፤ ልጆቹ ጎመን በጨው እየበሉ ነው፤ ጨውም አልቋል።

«ወይ እህል ከዚህች መኪና ይውጣ፣ ወይ መኪናዋ ከዚህ ቤት ትውጣ» አለች ብዙዬ።

«መኪናዋን ሸጬ ኋላ ምኔን ልበላ ነው?»

«አሁንስ ምኗን እየበላህ ነው? መርፌዋን?»

ለአብሽርም ቃል ሰጠችው። በሚመጣው ቅዳሜ አህያውን ይዞ ይምጣና ይውሰዳት።

ሰኞ እሜቴ ብርሀንነሽ አስጠሩት። እሜቴ ብርሀንነሽ የባለ ብዙ መሬት ሚስት የነበሩ፣ ባላቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ገና ከላቸውን ያላወለቁ ሴት ናቸው። ሴት ልጃቸው ሐረግ አቀስታ ላለ ባለጸጋ ቤት ልትዳር ሰርጓ እሑድ ነው። የሐረግ ፈረንጅ አስተማሪ ወደ አገሯ ስትሄድ አንድ ፖስታ ትታላታለች። ፖስታው ላይ የጥንት የፈረንጅ እመቤት ተስላለች። ወገቧ በጭብጥ ይያዛል፤ እጅጌዋ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብሏል፤ ከወገቧ በታች ጎጆ ቤት ናት። እንዲህ ያለውን ልብስ ፈረንጆቹ ራሳቸው ከተዉት መቶ ዓመት አልፎታል አሉ፤ የሚቀደድበት ወረቀት ግን በአገራቸው ታሽጎ ሱቅ ይሸጣል፤ ሐረግ ለሰርጓ ይህን ካልለበስኩ ብላለች።

እሜቴ ሟቹ ባላቸው ያስመጡትን አንድ ጣቃ ሐምራዊ ከፋይ፣ ያንን ለስላሳ ውድ ጨርቅ፣ ከሣጥን አውጥተው ፊቱ አስቀመጡ።

«ሐሙስ ልጄ ላይ ልክ ሆኖ ካየሁት ሁለት ኩንታል እህል ታስጭናለህ። ልክ ካልሆነ ከፋዬን ትመልሳለህ።»

«የተቀደደ ከፋይ እንዴት ይመለሳል እሜቴ?»

«እሱን ሳትቀድ አስብበት።»

አራጌ ፖስታውን በረንዳው ላይ ከፈተ። የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ስስ ወረቀት ወጣ፤ ንፋሱ ነጥቆት ግማሽ ቀን በማባረር አለፈ። ተይዞ ሲዘረጋ ደረት ለብቻ፣ ጀርባ ለብቻ፣ እጅጌ ለብቻ ተስሏል፤ በየቦታው ቀስትና ነጥብ፣ በየቀስቱ ሥር እንግሊዝኛ አለ። አራጌ በዕድሜው ሰው ለክቶ እንጂ ወረቀት ለክቶ አያውቅም። ደረት የተባለውን አንስቶ የገዛ ደረቱ ላይ ቢያደርገው ግማሹን አልሸፈነለትም። ይህ ነገር የሕፃን ነው ብሎ ደነገጠና አሻግሬን አስጠራ።

አሻግሬ የመንግሥት ቤት ጸሐፊ ነው። እንግሊዝኛ ያውቃል ይባላል፤ የሚለው ራሱ ነው። ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ከፍ፣ ወደ ዓይኑ ቀረብ አድርጎ ቆየ።

«እጥፍ ይላል» አለ።

«ምኑን ነው የማጥፈው?»

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ? እጥፍ እኮ እጥፍ ነው፤ አንድ የነበረው ሁለት።»

«ታዲያ ፈረንጁ መጀመሪያውኑ ትልቅ አድርጎ ለምን አልሣለውም?»

«ወረቀት ለመቆጠብ ነዋ!»

ይህ ለአራጌ በደንብ ገባው። ቆጣቢ ሰው ያከብራል። አሻግሬም አልዋሸም፤ ቃሉ ትክክል ነው። ወረቀቱ የሚለው ጨርቁን አጥፈህ በእጥፋቱ ጠርዝ ላይ አስቀምጠኝ፣ ስትዘረጋው ሙሉ ደረት ይወጣልሃል ነው። አራጌ ግን ጨርቅ ሲቀድ ድሮም አጥፎ ነው፤ ማንም ሳይነግረው። ስለዚህ ወረቀቱን በእጥፍ አስፍቶ ከፋዩ ላይ በኖራ ሣለ፣ ከፋዩንም እንደ ልማዱ አጥፎ ቀደደ። ጣቃው አለቀ። ብዙዬ ከበር ላይ ቆማ ስታየው፣ «ይህቺ ልጅ ሳናያት ወፍራለች እንዴ?» ብላ ጠይቃ ነበር። «ፋሽን ነው» አላት።

ሐሙስ እሜቴ ቤት ልብሱ ሊለካ ሆነ። አሻግሬም ሳይጠራ ተከትሎ ሄደ፤ በከተማው ጠላ የቀረው እዚያ ብቻ ነው። ሐረግ ቀሚሱን በራሷ ስታጠልቀው ሳይዛት ሙልጭ ብሎ እግሯ ሥር ወረደ። ሽቅብ ጎትተው ቢይዙላት በአንዱ እጅጌ ወገቧ ይገባል።

«እማዬ፣ እዚህ ውስጥ ሌላ ሰው አለ?» አለች።

«አራጌ!» አሉ እሜቴ። «የሰርጉን ዳስ ስፋልኝ ያልኩህ መሰለህ?»

«ወረቀቱ ነው እሜቴ…» ብሎ አሻግሬ ጀመረ።

«አንተ ዝም በል፤ የመጣኸው ለጠላው ነው።»

አራጌ መርፌ ነክሶ ስለነበር ለመልሱ ጊዜ አገኘ። ሁለት ኩንታሉ በዓይኑ ሄደ፤ ቀጥሎ የአብሽር አህያ በዓይኑ መጣ። እሜቴ ስድቡን አላቆሙም፤ ዘሩን ጠሩ፣ ሙያ ያስተማረውን ጌታውን ጠሩ፣ ደሴንም አልማሯትም። ግን የሚሳደቡት በአፋቸው ነው። እጃቸው ከፋዩን ሲያሻሽ ነበር፤ ሲሳደቡ ያሻሹታል፣ ትንፋሽ ሲወስዱም ያሻሹታል። አራጌ መርፌውን ከአፉ አወጣ።

«እሜቴ፣ ወላሂ፣ ስህተት የለበትም። ወረቀቱ እጥፍ ይላል።»

«እጥፍ ምንድን ነው?»

«ሁለት ነዋ! ለእናትና ለልጅ። በፈረንጅ አገር ሙሽራ ብቻዋን አትለብስም። እናት ከል ለብሳ ልጇን ከዳረች ለሙሽራዋ ገድ የለውም ይላል። አሁን እዚህ ላይ ለሁለት እከፍለዋለሁ።»

«ወረቀቱ እንዲህ ይላል?»

«አሻግሬን ይጠይቁት።»

ሁሉም ወደ አሻግሬ ዞሩ። አሻግሬ ወደ ጠላው ዞረ።

«ይላል» አለ።

እሜቴ ብርሀንነሽ ተቀመጡ። ሰው ምን ይለኛል አሉ። ሦስት ዓመት አልሞላም አሉ፤ ሞልቷል። ሐረግ፣ «እማዬ፣ ልበሽው እንጂ» ስትል ቆጣ አሏት። አንዱን እጅጌ አንስተው አዩትና፣ «የእኔ እጅጌ ግን እንዲህ አይነፋ» አሉ።

አራጌ እዚህ ላይ ቢወጣ ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

«እሜቴ፣ መኪናዋን የምረግጣት በእግሬ ነው። እግሬን የሚያዘው ደግሞ ሆዴ ነው። ሆዴ ለአንድ ቀሚስ እንጂ ለሁለት አልተዘጋጀም።»

ሳቃቸው መጣ። አንዱን ኩንታል ዛሬ፣ ሌላውን ሁለቱም ቀሚስ ሲያልቅ ተባለ። «በገለባ ሸፍነህ ውሰደው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጎተራዬን አይጥ እንኳ ጥሎት ሄዷል ብዬ ባለፈው እሑድ ደጀ ሰላም ላይ ምያለሁ። ከአፍህ እንዳይወጣ።»

ይህን የነገሩት ለአራጌ ነው። በነጋታው ከደጃቸው የተሰበሰበው ሰው መንገዱን ዘጋው። እሜቴ በመጋረጃ ሲያዩ ቆይተው፣ ለልጄ ሰርግ የተሳልኩት ነው ብለው ባቄላ በትልቅ ድስት አስቀቀሉ። ሌላም ድስት ተጨመረ። ስለቱን ሲያደርስ እንዲህ የሚቆጭ ሰው እኛ አይተን አናውቅም።

ብዙዬ አራጌ ካስጫነው ኩንታል ባቄላ ዘግና በብርሃን አየችው፤ ነቀዝ የለውም። ቆላችው። ልጆቹ በልተው ሲጨርሱ፣ «አንድ ኩንታል እስከ ክረምት አያደርሰንም» አለች። «ሁለተኛው ካልገባ መኪናዋ ትሄዳለች።»

ቅዳሜ አብሽር አህያውን እየነዳ መጣ። አራጌ የሐረግን ቀሚስ ጨርሶ የእሜቴን ጀርባ እየሰፋ ነበር፤ ቀና አላለም።

«አብሽር አራጌ፣ እስክትጨርስ እጠብቃለሁ። ሥራ ላይ ሳያት ደስ ትለኛለች።»

«የስንብት ነው።»

«ወላሂ እንዲህ ያለ ከፋይ ካየሁ ቆየሁ። የማን ነው?»

«የሁለት ሴት ነው» አለ አራጌ፤ ክሩንም በጥርሱ በጠሰው። «ይልቅ አህያህን ይዘህ ተከተለኝ፤ የምንጭነው አለ።»

አብሽር ዕቃ የሚሸጥ ሌላ ቤት ተገኘ ብሎ እሜቴ ቤት ድረስ ተከተለው። እሜቴ ቀሚሱን ይዘው ጓዳ ገቡ። ቆዩ። ከላቸውን አውልቀው ሲወጡ ሐረግ አፏን በእጇ ያዘች። እናትየው ለካ አርባ አልሞላቸውም።

«ጀርባው ያዘኝ» አሉ።

«እሱ ይለምዳል» አለ አራጌ። ሁለተኛው ኩንታል ገብስ ተጫነ፤ አብሽርም መኪና ሊወስድ ባመጣው አህያ ገብሱን አራጌ ቤት ድረስ ነዳ። ሲራገፍ ብዙዬ እፍኝ ቆሎ ዘርግታ ጠበቀችው።

«ይህ ለአህያው ኪራይ።»

«መኪናዋስ?»

«አትሸጥም።»

«ኧረ ቃልሽስ፣ ብዙዬ? ያ ረቢ!»

«ያን ቃል የሰጠሁህ ርቦኝ ነው። ዛሬ በልቻለሁ።»

አብሽር ቆሎውን ቆጠረው መሰለኝ፤ ብቻ እየቆረጠመ ሄደ።

ሰርጉ ሆነ። እናትና ልጅ በአንድ ከፋይ ጎን ለጎን ሲቆሙ ዓይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ እናትየውን ሙሽራ መስለዋቸው፣ «ውለጂ፣ ክበጂ» ብለው መረቁ። እሜቴ «አሜን» አሉ። ይህቺን አሜን ከተማው እየሳቀ እስከ ፋሲካ በላባት።

በዓመቱ ንጉሡ ወረዱ፤ የካቲት ላይ መሬቱ ለአራሹ ሆነ። ዘማች ተማሪዎች መጡና ቀሚሶቹን ከሣጥን አውጥተው የብዝበዛ ማስረጃ ናቸው አሉ፤ ቲያትርም ሠሩባቸው። ባላባቷን ሆኖ የተጫወተው ወንድ ተማሪ ነበር። ጠበበው። አራጌ ተጠርቶ ሁለቱን ቀሚስ መልሶ አንድ አደረገለት፤ ከጨርቁ ምንም አልጎደለም።

ቀበሌ ሲቋቋም ሊቀመንበሩ ከሁለት ሰው ጋር በረንዳው ድረስ መጣ። መኪናዋ በባላባት እህል የተረፈች ናት፣ ሙያም ይሁን መሣሪያ ከእንግዲህ የሰፊው ሕዝብ ነው፣ ተነስታ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ትሂድ አለ። ብዙዬ ከቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ልጆቹም ወጡ። አራጌ እግሩን ከመርገጫው አላነሳም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ልክ ነህ» አለ። «የሰፊው ናት። ሰፊው እኔ ነኝ።»

ከሊቀመንበሩ ጋር የመጡት ሁለቱ ሳቁ። ሊቀመንበሩ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነከሰ፤ ነክሶም አልቻለም። የለበሰው ሱሪ ጉልበቱ ላይ ተቀዶ ነበርና አራጌ እዚያው አስቀምጦ ጣፈለት።