ስውር ግልባጭ

በእኛ ቢሮ «ግልባጭ» ቀላል ቃል አልነበረም። ደብዳቤ የደረሰው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ከላይ ያለውን የራሱን ስም ሳይሆን ከታች ያለውን ዝርዝር ነው። ከታች ምንም ከሌለ ነገሩ በእሱና በጻፈለት ሰው መካከል ነው፤ ተነጋግረው ይጨርሱታል። «ግልባጭ፦ ለአስተዳደር ክፍል» ካለ ግን ምስክር ተጠርቶበታል። «ለግል ማኅደር» የሚል ከተከተለበት ደግሞ የዚያን ቀን ምሳ አይወርድለትም።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ናቸው። ድርጅታችን ዕቃ እያስመጣ የሚያከፋፍል ነበር፤ ቢሮው ቦሌ ውስጥ የተከራየነው ቪላ ነው። እኔ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ነበርኩ። እሳቸው የቪላው ጓዳ በነበረችው ጠባብ ክፍል ከማኅደሮቻቸው ጋር ይውላሉ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። በእሳቸው እጅ ቁጥር ሳይሰጠው ከዚያ ግቢ የሚወጣ ደብዳቤ የለም። በወጪ መዝገቡ ላይ ቀኑን፣ ተቀባዩን፣ ጉዳዩንና ግልባጭ የደረሰውን ሰው በየአምዱ ያሰፍራሉ፤ ግልባጭ የደረሰውም ሰው ከጎኑ ይፈርማል። «ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ስም ያልወጣለት ልጅ ነው» ይሉኝ ነበር፣ ተቻኩዬ ልሮጥ ስል።

ዘጠናዎቹ እንደገቡ ኢሜይል መጣ። ሞደሙ መንጫጫት ሲጀምር ስልኩ ይያዛል፤ ደንበኛ ሁሉ ደውሎ አጣኋችሁ እያለ ይቆጣ ነበር። ኮምፒውተሩን የተከለልን ባለሙያ ሁላችንንም ሰብስቦ ከአድራሻው በታች ያሉትን ሁለት መስመሮች አሳየን። «ሲሲ» ማለት ግልባጭ ነው፣ ካርቦን ከሚለው የመጣ ነው አለ። ጋሼ ካርቦን ሲባል ደስ አላቸው። የካርቦኑ ሰማያዊ ከጣታቸው ለቆ አያውቅም።

«ቢሲሲውስ?» አልኩ።

«እሱም ግልባጭ ነው፤ ግን ስውር ነው። ተቀባዩ ለሌላ ሰው መላኩን አያውቅም።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ወረቀቱ ላይ ሳይጻፍ?»

«ሳይጻፍ።»

«እንግዲያ ይሄ ግልባጭ አይደለም፤ ሐሜት ነው» ብለው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።

ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዎች በር ዘግተው ካወሩ «ቢሲሲ ላይ ናቸው» ማለት የቢሮው ቋንቋ ሆነ። ጋሼ ግን ኢሜይልንም ወደ ሥርዓታቸው አስገቡት። የሚወጣውም የሚገባውም ይታተማል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ማኅደሩ ውስጥ ይገባል።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር፤ እዚህ ላይ ግን አልለውም። እሱ እየተናገረ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ መታሁ። መልእክቱ ውጭ አገር ላሉት ባለቤቶች ነው፦ ኢሜይል ስለገባ መዝገብ ቤት አያስፈልገንም፣ ክፍሉ ይዘጋ፣ ሠራተኛውም ይሰናበቱ።

«ይሄ ቁጥር አያስፈልገውም፤ እንዳታትሚው» አለኝ።

«እሺ» አልኩ። እሺ ሁለት ፊደል ነው። «ላክ» የሚለውን ተጫንኩ።

በዚያው ሳምንት ጋሼ ምሳ ላይ አማከሩኝ። አንድ ያገራቸው ሰው ጉርድ ሾላ መጋዘን ከፍቶ ኖሯል፤ ዕቃ የሚረከብለት ታማኝ ሰው ይፈልጋል፣ እስከ ዓርብም ቁርጡን ንገሩኝ ብሏቸዋል።

«አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ። «እዚህ ለምጃለሁ። ማኅደሩንም ለማን ትቼው እሄዳለሁ? ግን በዚህ ዕድሜዬ ሁለተኛ የሚጠራኝ የለም።»

ይሂዱ ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነበር። እኔ ግን እንጀራዬን ፈራሁ። «እንደ ፈቃድዎ ነው እንግዲህ ጋሼ» አልኩ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እሳቸውም ዓርብ ከጁምዓ ሲመለሱ እዚሁ እቀራለሁ ብለው መልስ መስጠታቸውን ነገሩኝ። እኔም ደግ አደረጉ አልኳቸው። ቀጥሎ ባሉት ሳምንታት ዓይኔን በጨው አጥቤ ከአንድ ሳህን አብሬያቸው በላሁ።

ተስማምተናል የሚለው የባለቤቶቹ መልስ የመጣው እኔ ለቅሶ ሄጄ በዋልኩበት ቀን ነው። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ከፈተው፣ ራሱ አተመው። ከዚያም እጁ የለመደውን አደረገ። ኅዳጉ ላይ «ከወጪው ጋር ይያያዝ» ብሎ መራበትና የመዝገብ ቤቱ ትሪ ላይ ጣለው። ተንኮል አልነበረም፤ ወረቀት ሁሉ የሚሄደው ወደዚያ ስለነበረ ነው። ስንቱን ዓመት እንደዚያ ሲያደርግ ኖሯል።

በማግስቱ ስገባ ጋሼ መዝገቡን በብብታቸው ይዘው ክፍሌ በር ላይ ቆመዋል። መልሱን አነበቡት እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«ለዚህ ወጪውን አጣሁት» አሉ፤ ድምፃቸው የወትሮው ነው። «ስፈልግ አደርኩ።»

ከተላኩት ውስጥ አወጣሁና አተምኩላቸው። ቆመው አነበቡት። ከታች የመታው ሰው የሚያኖራቸውን የስሜን የመጀመሪያ ፊደላት በልማድ አስቀምጬ ነበር። እነሱን አዩ። ቀጥሎ ቀኑን አዩ፣ ረጅም ጊዜ።

«ስለ መጋዘኑ ሳማክርሽ ይሄን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አዎ» አሉ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«አብሽሪ» አሉኝ። የባሰውን አፈርኩ።

ጠረጴዛዬ ላይ መዝገቡን ዘርግተው ቁጥር ሰጡት። ቀኑን ጻፉ። ለማን እንደሄደ ጻፉ። ጉዳዩ በሚለው አምድ «መዝገብ ቤትን ስለመዝጋት» ብለው በዚያ በሚያምረው የቁም ጽሕፈታቸው አሰፈሩ። ግልባጭ የሚለው አምድ ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶውን ያዝ አደረጉትና የእኔን ስም እስከ አባቴ ጻፉ።

ከዚያ መዝገቡን ወደ እኔ አዞሩት።

«ፈርሚ» አሉ። «ግልባጭ የደረሰው ሰው ይፈርማል።»

ፈረምኩ።